ከምጽዋት ወደ ሕግ፤ ከሕግ ወደ ሥራ

ለድኩም መራራትና ለተቸገረ መመጽወት በኢትዮጵያ ሕዝብ ዘንድ ከጥንት ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ልማድ ነው። በሰንበትና በበዓል ቀን በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ፥ በዓርብ ቀን በመስጊድ በር፥ ዐይናቸው የጠፋ፥ እጅ እግራቸውም የተጎዳ ሰዎች ተቀምጠው ሲለምኑ የሚያልፈው ሁሉ ካለው ከፍሎ ይሰጣል፤ የሚሰጠው ያጣም «እግዜር ይስጥህ» ብሎ ያልፋል። ይህ ልማድ የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስነቅፍ አይደለም። ነገር ግን ምጽዋት የሰጪው ፈቃድ ነው። ሰጪው ዛሬ ቢራራ ነገ ሊረሳ ይችላል፤ ተቀባዩም ስለ ዛሬው ያመሰግናል እንጂ ስለ ነገው «ለምን ቀረብኝ» ብሎ የሚከራከርበት ነገር የለውም። ሕግ ግን እንዲህ አይደለም። በሕግ የታወቀ መብት የሰውን ርኅራኄ ሳይጠብቅ ይጠየቃል፤ የከለከለውም ሰው በዳኛ ፊት ይቆማል። ስለዚህ የአካል ጉዳተኞች ጉዳይ በኢትዮጵያ ከምጽዋት ወደ ሕግ መሻገሩ ታላቅ ነገር ነው። ከሕግ ወደ ሥራ ካልተሻገረ ግን መንገዱ ከእኩሌታ ላይ ተቋርጦ እንደ ቀረ ይቆጠራል።

አባቶች ሲተርቱ «ዕውር ምን ትሻለህ ቢሉት ብርሃን» ብለዋል። በ1998 ዓ.ም. በአገሪቱ በተደረገው የዐይን ሕመም ጥናት ከመቶ ሰው 1.6 ያህሉ ዐይነ ስውር ሆኖ ሲገኝ፥ ከነዚህም እኩሌታ የሚሆኑት ብርሃናቸውን ያጡት በዐይን ሞራ ምክንያት እንደ ሆነ ታውቋል። ሞራ በሐኪም እጅ የሚገፈፍ ስለ ሆነ ለነዚህ ሰዎች የተረቱ መልስ በቀጥታ ሊሰጣቸው ይችላል። ነገር ግን ሐኪም ሊመልሰው የማይችል ዐይን ያላቸውም አሉ። እነዚህን ጠይቆ መልሳቸውን እስኪናገሩ ድረስ የሚታገሥ ሰው ቢገኝ፥ «በጣቴ የማነበው መጽሐፍ፥ በበትሬ የምሄድበት ጥርጊያ መንገድ፥ በተማርሁት ትምህርት የማድርበት ሥራ» የሚል መልስ ይሰማል። ብርሃኑን መመለስ ከሰው ኀይል በላይ ቢሆን፥ መጽሐፉንና መንገዱን ሥራውንም መስጠት ግን ከመንግሥትና ከሕዝብ ኀይል በላይ አይደለም።

የአካል ጉዳት ዕውቀትን የማይከለክል መሆኑን ኢትዮጵያ ከሌላ አገር መማር አያስፈልጋትም። በጥንቱ የአብነት ትምህርት ቤት ትምህርቱ በአመዛኙ በቃልና በጆሮ የሚተላለፍ ስለ ነበረ፥ ዐይነ ስውሩ ተማሪ ከባልንጀሮቹ ጋር በአንድ ጉባኤ ተቀምጦ ዳዊቱን በቃሉ ይዞ፥ ዜማውን አጥንቶ፥ ቅኔውን ተቀኝቶ ይወጣ ነበር። ከነዚህም መካከል ተመርቀው ወንበር ዘርግተው፥ ዐይናማዎችን ያስተማሩ ብዙ መምህራን ነበሩ። ይህ የሆነው መምህሩ ለዐይነ ስውሩ ስለ ራራለት ብቻ አልነበረም፤ የትምህርቱ ሥርዐት ራሱ በሩን ያልዘጋበት ስለ ነበረ ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ትልቅ ነው። ሰውን ከዕውቀትና ከሥራ የሚያስቀረው ጉዳቱ ብቻ ሳይሆን የሥርዐቱ አኳኋን ጭምር ነው። ጽሑፍ በወረቀት ብቻ ሲሆን ዐይነ ስውሩ ከውጭ ይቀራል፤ ያው ጽሑፍ በብሬል ነጠብጣብ ሲታተም ወይም በድምፅ ሲቀረጽ ግን ይኸው ሰው አንባቢ ይሆናል። ሰውየው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሥርዐቱ ነው።

በአዲሱ ዘመን ትምህርት ደግሞ በሰበታ የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት፥ በመካኒሳ መስማት ለተሳናቸው ልጆች የተከፈተው ትምህርት ቤት፥ በመናገሻ በልጅነት ልምሻ እግራቸው ለተጎዳ ሕፃናት የተመሠረተው ማገገሚያ፥ በአዲስ አበባም ለሥጋ ደዌ በሽተኞች የተቋቋመው ሕክምናና ማሠልጠኛ፥ እያንዳንዳቸው ብዙ ሰው ለኑሮ አብቅተዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የኢትዮጵያን የምልክት ቋንቋ እንደ ማንኛውም ቋንቋ በዲግሪ ደረጃ ማስተማር ጀምሯል። በሻሸመኔ የዐይነ ስውራን ትምህርት ቤት ያደገችው፥ ኋላም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ የተማረችው የትነበርሽ ንጉሤ፥ ለአካል ጉዳተኞች መብት ስለ ደከመችው ድካም በ2010 ዓ.ም. መግቢያ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለው የዓለም ሽልማት ተሸላሚ መሆኗ ተነግሯል። በአምስት ዓመቷ ዐይኗ የጠፋ የወሎ ገጠር ልጅ ትምህርት ቤት ባታገኝ ኖሮ፥ ይህ ሁሉ ዕውቀትና ትጋት በአንድ ጎጆ ውስጥ ተሰውሮ በቀረ ነበር። እንደ እርሷ ያለ ዕድል ሳያገኙ የቀሩት ስንት እንደ ሆኑ የሚያስብ ሰው፥ ጉዳዩ የርኅራኄ ብቻ ሳይሆን የአገር ሀብት መጥፋትና መዳን መሆኑን ይረዳል።

የሕጉን አካሄድ በቅደም ተከተል መመልከት ይገባል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዐይነ ስውራንን፥ መስማትና መናገር የማይችሉትንና በዘላቂ ድካም ምክንያት ራሳቸውን ለመጠበቅ የማይችሉትን ሰዎች፥ ለአእምሮ ሕሙማን የተሰጠው ጥበቃ ይደረግልን ብለው እንዲጠይቁ ፈቀደላቸው። ስለ ውል ፊርማም ሲደነግግ ዐይነ ስውሩንና ማንበብ የማይችለውን በአንድነት ቈጥሮ፥ ፊርማቸው በዳኛ ወይም ሥልጣን ባለው ሹም ፊት ካልተረጋገጠ እንዳያስገድዳቸው አደረገ። የሕጉ አሳብ ተንኰለኛ እንዳያታልላቸው መጠበቅ ስለ ነበረ በጎ ነበር። ነገር ግን ጥበቃው ሰውየውን ራሱን እንደማይችል አድርጎ የሚመለከት ጥበቃ ነበር። በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያም አካል ጉዳተኞችን የሚያቋቁም መሥሪያ ቤት በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ትእዛዝ ሲመሠረት፥ ሥራው የተዘረጋው ሠርተው ማደር ያልቻሉትን ለመርዳትና ለማቋቋም ነበር። ያ ዘመን የእንክብካቤ ዘመን ነበር።

ከዚያ ወዲህ አሳቡ ተለወጠ። በ1986 ዓ.ም. ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ መብት ዐዋጅ ቁጥር 101 ታወጀ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41፥ መንግሥት የአገሪቱ የኢኮኖሚ አቅም በፈቀደው መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን፥ አረጋውያንንና ያለ አሳዳጊ የቀሩትን ሕፃናት ለማቋቋምና ለመርዳት እንዲንከባከብ አዘዘ። ከዓመታት በኋላም በ2000 ዓ.ም. የ1986ቱን የሚተካ ዐዋጅ ቁጥር 568 ወጣ። አዲሱ ዐዋጅ በመግቢያው የቀድሞውን ሕግ ሲነቅፍ፥ አካል ጉዳተኞች በችሎታቸው ተወዳድረው ሊሠሩ እንደማይችሉ የሚያስመስል አስተያየት እንዲፈጠር ምክንያት ሆኗል ብሏል። መንግሥት የገዛ ራሱን ሕግ እንዲህ መርምሮ ማረሙ የሚያስመሰግነው ነው።

የ2000 ዓ.ም. ዐዋጅ ትልቁ ቁም ነገር አካል ጉዳተኛ ማለት ማን እንደ ሆነ የተረጐመበት ቃል ነው። ዐዋጁ አካል ጉዳተኛ የሚለው፥ ባለበት የአካል ወይም የአእምሮ ወይም የስሜት ሕዋስ ጉዳት የተነሣ፥ ከማኅበራዊ፥ ከኢኮኖሚያዊና ከባህላዊ አድልዎ ጋር ተያይዞ፥ እኩል የሥራ ዕድል የቀረበትን ሰው ነው። በዚህ አተረጓጐም እግር የሌለው ሰው ጉዳቱ በእግሩ ላይ ብቻ አይደለም፤ በደረጃው፥ በአሠሪው አሳብና በጎረቤቱ ንግግር ላይም ጭምር ነው። እግሩን መመለስ ባይቻል ደረጃውን መለወጥ ይቻላል። ሕጉ ሸክሙን ከተጎዳው ሰው ትከሻ ላይ በከፊል አንሥቶ በአሠሪውና በሕዝቡ ትከሻ ላይ የጫነው በዚህ ቃል ነው።

ዐዋጁ በአሳብ ብቻ አልቀረም። አሠሪው የሥራውን ቦታና መሣሪያ ለአካል ጉዳተኛው እንዲመች እንዲያደርግ፥ አስፈላጊ ሲሆንም ረዳት እንዲመድብለት አዘዘ፤ ሴቶች አካል ጉዳተኞች ድርብ ሸክም ያለባቸው መሆኑን አውቆ የተለየ ድጋፍ እንዲደረግላቸው ደነገገ። ከዚህም ሁሉ የሚበልጠው የማስረጃው ነገር ነው። በጉዳቱ ምክንያት ከሥራ ተከለከልሁ ብሎ የሚከስ ሰው በአሠሪው ልብ ውስጥ የነበረውን አሳብ አውጥቶ ማስረዳት ከቶ እንዴት ይችላል? ዐዋጁ ይህን ተመልክቶ፥ አድልዎ አለመደረጉን የማስረዳቱን ዕዳ ለአሠሪው ሰጠ። ለደካማው ወገን ከዚህ የተሻለ የፍርድ ቤት ጋሻ ማግኘት ያስቸግራል።

በ2001 ዓ.ም. ደግሞ የሕንፃ ዐዋጅ ቁጥር 624 ወጥቶ፥ ለሕዝብ አገልግሎት የሚሠራ ሕንፃ ሁሉ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱና መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት ለሚያቅታቸው ሰዎች የሚሆን መግቢያ እንዲኖረው፥ መጸዳጃ ቤቱም ለነርሱ የሚመች ሆኖ በበቂ ቁጥር እንዲዘጋጅ አዘዘ። በ2002 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 676 የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ጸደቀ፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረትም አገሪቱ ያጸደቀችው ስምምነት ሁሉ የአገሪቱ ሕግ ክፍል ይሆናል። ከ2004 እስከ 2013 ዓ.ም. የሚደርስ የዐሥር ዓመት ብሔራዊ የሥራ መርሐ ግብርም ወጥቶ ነበር። የጽሑፍ ሥራዎችን ለዐይነ ስውራን በሚነበብ መልክ ማባዛትን የሚፈቅደው የማራኬሽ ስምምነት አባል መሆንም ተጨምሯል። እንግዲህ «ሕግ ስለ ሌለ ነው» ብሎ ማመካኘት የሚችል ሹም ወይም አሠሪ የለም።

ነገር ግን ሕግ በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ከወጣ በኋላ የሚያልፈው ረጅም መንገድ አለው። ከሚኒስትሩ ወደ ዋና ኀላፊው፥ ከኀላፊው ወደ ሠራተኛ አስተዳደሩ፥ ከአስተዳደሩ ወደ በር ጠባቂው ይደርሳል። ለምሳሌ አንድ ዐይነ ስውር ወጣት ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ፥ በጥሩ ውጤት ተመርቆ፥ የሥራ ማስታወቂያ አይቶለት ባልንጀራው አነበበለት እንበል። ማመልከቻውን ይዞ ሲሄድ በር ላይ ያለው ዘበኛ ለማኝ የመጣ መስሎት «ዛሬ ሹሞቹ የሉም» ብሎ ይመልሰዋል። ዘበኛውን አስረድቶ ቢገባ መዝጋቢው «ይህ ሥራ ለአንተ ይከብድሃል» ይለዋል። መዝጋቢው ቢቀበለው ፈተናው በወረቀት ተጽፎ ይቀርብለታል፤ የሚያነብለት ሰው አልተመደበም። እነዚህ ሦስቱ ሰዎች ክፉዎች አይደሉም፤ ምናልባትም በመንገድ ቢያገኙት እጁን ይዘው ያሻግሩት ነበር። ነገር ግን ሦስቱም ሕጉ ምን እንደሚል አልተነገራቸውም። ወጣቱ ተመልሶ ወደ ቤቱ ሲሄድ የተሸነፈው ወጣቱ ብቻ አይደለም፤ ሕጉም ከርሱ ጋር ተሸንፎ ይመለሳል።

የሕንፃውም ነገር እንዲሁ ነው። ዐዋጁ ከወጣ ወዲህ በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች ብዙ ፎቆች ተሠርተዋል። ከነዚህ መካከል ሕጉን በትክክል የጠበቁ አሉ። ሕጉን በስም ብቻ የጠበቁም አሉ። በብዙ አገር የሚሠራበት የመወጣጫ ልክ ለአንድ ክንድ ከፍታ ዐሥራ ሁለት ክንድ ርዝመት ነው፤ ማለት መግቢያው ከመሬት 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ እንደ ሆነ፥ ዘንበል ብሎ የሚወጣው መንገድ 7 ሜትር ከ20 ይሆናል። ይህን ልክ ሳይጠብቁ በሁለት ሜትር ሲሚንቶ አዳፍተው የሠሩት መወጣጫ ግን፥ ተሽከርካሪ ወንበሩን ወደ ኋላ የሚገለብጥ ገደል እንጂ መንገድ አይደለም። ለአካል ጉዳተኞች የተሠራው መጸዳጃ ቤት ተቈልፎ የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫ ከሆነም፥ ለይስሙላ ተሠራ እንጂ ለአገልግሎት አልተሠራም። መሐንዲሱ ሲነድፍ፥ ፈቃድ ሰጪው ንድፉን ሲመረምር፥ ተቈጣጣሪውም የሕንፃውን መጠቀሚያ ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት፥ ከቢሮው ወንበር ተነሥቶ ከአካል ጉዳተኞች ማኅበር አንድ ሰው ጠርቶ «እስቲ ግባበት፤ እስቲ ውጣበት» ቢለው ከብዙ ገጽ ዘገባ የበለጠ ይረዳ ነበር።

በዚህ ላይ የሚነሣ አንድ ክርክር አለ፤ ሊናቅም አይገባውም። «አገሪቱ ድኻ ናት፤ ለጤነኛው ያልበቃ ሥራና ትምህርት ቤት ለጉዳተኛው ከየት ይመጣል? ሕገ መንግሥቱም አቅም በፈቀደ መጠን ብሏል» የሚሉ ሰዎች አሉ። መልሱ በሁለት የተከፈለ ነው። መጀመሪያ፥ የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም። የባለጉዳዩን ችሎት ከአራተኛ ፎቅ ወደ ምድር ቤት ማውረድ፥ ለዐይነ ስውሩ ተፈታኝ አንባቢና ተጨማሪ ሰዓት መስጠት፥ በግድግዳ የተለጠፈውን ማስታወቂያ በቃል ማንበብ፥ በእግረኛ መንገድ ላይ አሸዋና ድንጋይ አለመከመር፥ የቦይ ጕድጓድ ከፍቶ አለመሄድ፥ እነዚህ ሁሉ ማሰብን እንጂ በጀት አይሹም። ሁለተኛም፥ ገንዘብ የሚሹት ነገሮች አብዛኞቹ በጊዜው ሲሠሩ የሚያስወጡት ወጪ ጥቂት፥ ዘግይተው ሲሠሩ ግን ብዙ ነው። መወጣጫ በንድፍ ጊዜ ሲታሰብ የጥቂት ሲሚንቶና አሸዋ ነገር ነው፤ ሕንፃው ካለቀ በኋላ ግን ግድግዳ ማፍረስን ይጠይቃል። ስለዚህ «አቅም በፈቀደ መጠን» የሚለው ቃል ዛሬ የሚቻለውን ዛሬ ለማድረግ የተሰጠ ትእዛዝ እንጂ፥ ሁሉን ለነገ ለማሳደር የተሰጠ ፈቃድ አይደለም።

ስለ ድጋፍ መርሐ ግብሮችም አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምግብ ዋስትና ሴፍቲ ኔት መርሐ ግብር፥ ጕልበት ያላቸውን በሕዝብ ሥራ እያሠራ ሲከፍል፥ መሥራት ለማይችሉት ደግሞ ያለ ሥራ ቀጥተኛ ድጋፍ ይሰጥ ነበር። ይህ ብዙ ቤተ ሰብ ከረኀብ ያዳነ መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን አካል ጉዳተኛ ሁሉ መሥራት የማይችል ተብሎ በአንድ መዝገብ ከተጻፈ፥ ዐዋጁ በአንድ በኩል «ይሠራል» ያለውን ሰው መዝገቡ በሌላ በኩል «አይሠራም» ብሎት ያርፋል። እግሩ የተጎዳ ሰው ድንጋይ መሸከም ባይችል ተቀምጦ ጥበብ ሊሸምን፥ መዝገብ ሊይዝ ይችላል። በእውነት መሥራት ለማይችለው እንጀራውን፥ መሥራት ለሚችለው ደግሞ ሥራውን መስጠት የመርሐ ግብር አስተዳዳሪዎች ጥንቃቄ ነው።

ሰው ሠራሽ እግርና ክንድ፥ ክራንችና ተሽከርካሪ ወንበር የሚሠሩና የሚያድሉ ማዕከሎች በአዲስ አበባ፥ በመቀሌ፥ በደሴ፥ በሐረር፥ በባሕር ዳርና በአርባ ምንጭ ተቋቁመዋል። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ ክፍል የነበረው ጦርነት ብዙ ወጣት እጅና እግሩን፥ ዐይኑንም አሳጥቶ ስላለፈ የነዚህ ማዕከሎች ሥራ እጅግ ከብዷል። የተቈረጠ እግር አንድ ጊዜ ተሠርቶለት የሚቀር አይደለም። ሰው ሠራሹ እግር ያልቃል፥ ይሰበራል፥ ልጅ ከሆነም ሲያድግ ያጥረዋል፤ ስለዚህ ተጎጂው በዕድሜው ሁሉ ወደ ማዕከሉ ይመላለሳል። ከሩቅ ወረዳ የመጣው ገበሬ የመጓጓዣውንና የማደሪያውን ካላገኘ፥ እግሩ በነጻ ቢሰጠውም አያገኘውም። በጀት የሚያወጡ ሹማምት ይህን የመንገዱን ወጪ ከእግሩ ዋጋ ለይተው እንዳይመለከቱት ያስፈልጋል።

የመስማት ጉዳት ያለባቸው ሰዎች ጉዳይ ደግሞ በዐይን ስለማይታይ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ተከሶ በችሎት የቆመ ሰው ፍርድ ቤቱ የሚሠራበትን ቋንቋ ካልተረዳ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲቆምለት ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 መብት ሰጥቶታል። የምልክት ቋንቋም ቋንቋ ነውና፥ ይህ መብት መስማት ለተሳነውም ሰው ነው። በሐኪም ቤት ግን እንዲህ ያለ ሰው ሕመሙን የሚያስረዳው ብዙ ጊዜ በወንድሙ ወይም በልጁ አማካይነት ነው። እናት ስለ ምጥዋና ስለ ማሕፀንዋ ነገር የዐሥር ዓመት ልጅዋ እንዲያስተረጕምላት ብትገደድ፥ የምትደብቀው ነገር እንደሚኖር ማንም ይገምታል፤ ያም የተደበቀው ነገር ነፍስዋን ሊያስከፍላት ይችላል። በየትልቁ ሆስፒታል አንድ የምልክት ቋንቋ ዐዋቂ መመደብ የቅንጦት ነገር ተብሎ ሊቈጠር አይገባውም።

ከዚህ ሁሉ በፊት የሚቀድመው ግን መቍጠር ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የቤት ቆጠራ ከ73 ሚሊዮን በላይ ከነበረው ሕዝብ መካከል አካል ጉዳተኛ ተብለው የተጻፉት ከ800,000 ጥቂት ቢበልጡ ነው፤ ይህም ከመቶ 1 ያህል ይሆናል። በ2003 ዓ.ም. የዓለም የጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ በአንድነት ባወጡት ዘገባ ግን ለኢትዮጵያ የተሰጠው ግምት ከመቶ 17.6 ነበር። ይህን ያህል ልዩነት የሚመጣው በአንድ በኩል ከአጠያየቁ ነው። «በዚህ ቤት አካል ጉዳተኛ አለ ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ሰው «የለም» ይላል። «ማየት፥ መስማት፥ መራመድ፥ ማስታወስ፥ ራስን መርዳት፥ ከሰው ጋር መግባባት የሚያስቸግረው ሰው አለ ወይ?» ተብሎ አንድ በአንድ ሲጠየቅ ግን እውነቱ ይወጣል። በሌላ በኩል ደግሞ ከሐፍረት የተነሣ ነው። ልጃቸው በአእምሮ እድገት ጉዳት ወይም በኦቲዝም የተያዘባቸው ወላጆች እርግማን መስሏቸው እንግዳ ሲመጣ በጓዳ የሚሸሽጉት አሉ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ዘሚ የኑስ የገዛ ልጇን ሳትሸሽግ ለኦቲዝም ልጆች ማዕከል በከፈተች ጊዜ፥ በየጓዳው የተሸሸጉ ልጆች ወደ ብርሃን መውጣት ጀመሩ። የሚመጣው ቆጠራ በሚደረግበት ጊዜ ጥያቄው በጥንቃቄ ሊዘጋጅ፥ ቈጣሪውም በትዕግሥት ሊጠይቅ ይገባዋል። ያልተቈጠረ ሰው በጀት አይያዝለትም፤ ወንበርም አይቀመጥለትም።

እንግዲህ ማን ምን ያድርግ? መጀመሪያ መንግሥት የራሱን ደጃፍ ያጽዳ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት መግቢያው ለተሽከርካሪ ወንበር ሳይመች፥ የሠራተኛ አስተዳደሩ ሹም የ2000ውን ዐዋጅ ሳያነብ፥ ነጋዴውን «ሕግ አክብር» ማለት አያምርም። በየዓመቱ ስንት አካል ጉዳተኛ እንዳመለከተ፥ ስንቱም እንደ ተቀጠረ ለሕዝብ የሚታይ መግለጫ ቢወጣ፥ ሕጉ በሥራ መዋሉ ወይም አለመዋሉ በቀላሉ ይታወቃል። ፋብሪካና ባንክ፥ ሱቅና ሆቴል ያላቸውም ሰዎች አካል ጉዳተኛ ቀጥረው የሚያገኙት ምስጋና ብቻ እንዳልሆነ ይወቁ። ሥራ በብዙ ድካም ያገኘ ሰው ሥራውን አክብሮ የሚይዝ ታማኝ ሠራተኛ ነው። የትምህርት ቤት ዳይሬክተሮችም ልጁን «ወደ ልዩ ትምህርት ቤት ውሰዱት» ብለው ከመመለሳቸው በፊት፥ ልዩው ትምህርት ቤት ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር የሚርቅ መሆኑን ያስቡ። ወላጆችም ልጃቸውን ወደ ትምህርት ቤት ያውጡት እንጂ አይሸሽጉት።

አካል ጉዳተኞች ራሳቸውና ማኅበሮቻቸውም ድርሻ አላቸው። መብት ሳይጠይቁት የሚመጣ ነገር አይደለም። አለ አግባብ ከሥራ የተከለከለ ሰው ዕንባውን ጠርጎ ወደ ቤቱ ከመመለስ ይልቅ የማስረዳቱ ዕዳ በአሠሪው ላይ መሆኑን አውቆ ማመልከቻውን ይጻፍ፤ መጻፍ ባይችል ማኅበሩ ይጻፍለት። አንድ ፍርድ በአግባቡ ሲፈረድ ብዙ አሠሪዎችን ያስተምራል፤ አንድ በደል በዝምታ ሲታለፍም ብዙ በደል ይከተለዋል።

በመጨረሻም ይህ የጥቂት ሰዎች ጉዳይ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር ራሱን ይመልከት። ዛሬ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ የሚወጣ ሰው ዕድሜ ቢሰጠው ነገ በምርኩዝ ይወጣዋል፤ መኪና ቢገለበጥበት ወይም በሽታ ቢጥለው ደግሞ ነገን ሳይጠብቅ ዛሬውን ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ የሚፈልገው መወጣጫ ዛሬ በቸልታ ያልሠራው ነው፤ ያን ጊዜ የሚጠቅሰውም ሕግ ዛሬ ሳያነብ ያለፈው ነው። ሕጉ በብዙ ድካም ተጽፏል፤ በሥራ መታየቱ ግን ከሹሙም ከነጋዴውም ከመሐንዲሱም ከበር ጠባቂውም እጅ የሚጠበቅ ነው። ምጽዋት የሚሰጥ እጅ በኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ ጠፍቶ አያውቅም፤ ከእንግዲህም እንዲጠፋ የሚሻ የለም። የሚያስፈልገው ይኸው እጅ ምጽዋቱን ብቻ ሳይሆን በሩን ደግሞ እንዲከፍት ነው።